ለጄታችሁ ጉልበት አትጨምሩለት

ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞሩ ፋይሎች አሉ። ያዘጋጃቸው ሰው «ሪያል ፐርፎርማንስ» ይላቸዋል። ቤታችሁ ባለው የበረራ ሲሙሌተር ውስጥ ያለውን ቢዝነስ ጄት «ያስተካክላሉ» ተብለው ነው የሚሰጡት። ከፍታችሁ ስታዩዋቸው ግን ብዙውን ጊዜ የተነካው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ የሞተሩን ኃይል የሚያባዛው ቁጥር። 1.0 የነበረው 1.2 ሆኗል። ደፈር ያለው ደግሞ 1.4 አድርጎታል። በቃ። «ሪያል» የተባለው ይኼ ነው።

እኔ ይኼን ነገር እቃወማለሁ፤ ለምን እንደምቃወምም ረዘም አድርጌ ልናገር። ፋይል መንካት ነውር ነው የሚል ሰው አይደለሁም። ኖትፓድ ከፍቼ የአውሮፕላን ቁጥሮችን ስቀይር ዓመታት አልፈዋል፣ ወደፊትም እቀይራለሁ። የምቃወመው ሳይለኩ መቀየርን ነው። የባሰው ደግሞ ሳይለኩ ቀይሮ «አሁን እውነተኛ ሆነ» ብሎ ለሌላ ሰው መስጠት ነው። ሚዛኑ ከበደብኝ ብሎ ድንጋዩን የሚፍቅ ነጋዴ በሰፈር ሲገኝ እንጮህበታለን አይደል? ይኼም ከዚያ አይለይም።

«ጄቱ ሰነፈ»

ቅሬታው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ልጁ ሲሙሌተሩን ይከፍታል፣ ሴስና ሳይቴሽን ሎንጊቲዩድ ይመርጣል፣ ቦሌ ላይ ያቆመዋል፣ እኩለ ቀን ያደርገዋል፣ ታንኩን ይሞላል፣ ይነሳል። አውሮፕላኑ ማኮብኮቢያውን ሲበላው፣ ሲበላው፣ ሲበላው ቆይቶ በመጨረሻ እያመነታ ይነሳል። ከዚያ ልጁ የአምራቹን ብሮሸር ያወጣል፦ «ለመነሳት የሚያስፈልገው 4,810 ጫማ ይላል እኮ! ይኼ ሲሙሌተር ተበላሽቷል።» ቀጥሎ ኖትፓድ ይከፈታል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ አንዴ ቆዩ። 4,810 ጫማ ማለት 1,466 ሜትር ገደማ ነው። ያ ቁጥር የተሰጠው ግን ለባሕር ወለል፣ ለ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ነፋስ ለሌለበት ቀን ነው። ቦሌ የባሕር ወለል ላይ አይደለም። ከ2,300 ሜትር በላይ፣ በጫማ ሲቆጠር 7,600 ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ መደበኛ የከባቢ አየር ሠንጠረዥ በዚህ ከፍታ ላይ የሚጠብቀው ሙቀት ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዜሮ ዲግሪ ገደማ። እናንተ የመረጣችሁት እኩለ ቀን ግን 25 ዲግሪ ነው። ማለትም ከመደበኛው 25 ዲግሪ የሞቀ አየር ላይ ናችሁ። አየሩ እንደ 10,600 ጫማ ከፍታ የሳሳ ነው፤ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር እፍጋቱ ወደ 27 በመቶ ቀንሷል።

ይኼ 27 በመቶ ከሁለት አቅጣጫ ነው የሚመታችሁ። አንደኛ፣ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በሳሳው አየር ውስጥ የበለጠ መሮጥ አለበት። የፍጥነት ጠቋሚው 120 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ አስፋልቱ ላይ በ140 ኖት እየበረረ ነው። ሁለተኛ፣ ሞተሩ የሚጠባው አየር ስለሳሳ የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል። ማለትም የበለጠ ፍጥነት ላይ፣ ባነሰ ጉልበት መድረስ አለባችሁ። ሁለቱን በሸካራ ስሌት ስታባዟቸው የሚያስፈልገው ርቀት ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ 1,466 ሜትር የነበረው ወደ 2,800 ሜትር ይሄዳል። ይኼ የወረቀት ላይ ግምት ነው፤ የማኑዋሉን ሠንጠረዥ አይተካም። ግን ነገሩን ያሳያል። የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ገደማ የሆነው ለጌጥ አይደለም።

እንግዲህ ሲሙሌተሩ ማኮብኮቢያውን «ሲበላው» ያያችሁት ጊዜ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር። አገራችሁን እያሳያችሁ ነበር። የኛ ሰማይ እንዲህ ነው። እናንተ ግን 1.2 ጻፋችሁና ቦሌን ወደ ባሕር ወለል አወረዳችሁት።

ኖትፓድ ከመክፈታችሁ በፊት

አውሮፕላኑ በእርግጥ ደክሞ ከሆነ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከፋይሉ ውጪ ነው።

ክብደት እንውሰድ። ሳይቴሽን ሲጄ 4 ይዞ መነሳት የሚችለው ትልቁ ክብደት 17,110 ፓውንድ ነው። ታንኩ ብቻውን 5,828 ፓውንድ ነዳጅ ይይዛል። ታንኩን አፍ እስከ ገደፉ ከሞላችሁት ለተሳፋሪና ለሻንጣ የሚተርፈው 1,000 ፓውንድ አካባቢ ነው። አምስት ሰው ከነሻንጣው ሲገባ አለቀ። ሲሙሌተሩ ግን ደግ ነው፤ ታንኩንም ወንበሩንም ሙሉ ሞልታችሁ፣ ከገደቡ በላይ ሆናችሁ ብትነሱ አይከለክላችሁም። የእውነተኛው ዓለም አብራሪ ነዳጅ ወይስ ሰው ብሎ መምረጥ አለበት። እናንተ ሁለቱንም መርጣችሁ «ጄቱ ሰነፈ» ትላላችሁ። በቅሎ ላይ አምስት ኩንታል ጭኖ በቅሎዋን መውቀስ!

ሁለተኛው የጉልበት መስጫው ነው። ቤት ውስጥ የምንጠቀምባቸው ርካሽ ጆይስቲኮች እስከ መጨረሻ ገፍታችኋቸው እንኳን ኮምፒውተሩ የሚያየው 94 ወይም 95 በመቶ ሊሆን ይችላል። ካሊብሬት አልተደረገም፣ አቧራ ገብቶበታል፣ አርጅቷል። ሞተሩ ሙሉ ኃይል ሳይሰጠው ሞተሩ ይወቀሳል። ኪቦርድ ላይ ሙሉ ጉልበት የሚሰጠውን ቁልፍ ተጭናችሁ ልዩነት ካለ አረጋግጡ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሦስተኛው በጣም የሚያስቀኝ ነው። «ብሮሸሩ 451 ኖት ይላል፣ የኔ 220 ላይ ቆሟል!» የሚል ሰው አለ። 41,000 ጫማ ላይ ነው ያለው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ በጣም ስለሳሳ ጠቋሚው 220 ገደማ ሲያሳይ አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ የሚሄደው ከ420 ኖት በላይ ነው። ጠቋሚው የሚለካው የአየሩን ግፊት እንጂ የአስፋልት ኪሎ ሜትር አይደለም። 451 ደግሞ ጄቱ በተመቸው ክብደትና በተመቸው ከፍታ የሚደርስበት ጣሪያ ነው፤ በየቀኑ በየትም ቦታ የሚታይ ቁጥር አይደለም። ይኼን ሳያውቅ የሞተሩን ኃይል በእጥፍ ያባዛ ሰው አለ። ከዚያ አውሮፕላኑ ከፍጥነት ገደቡ አልፎ ማስጠንቀቂያው ሲጮህበት ማስጠንቀቂያውን የሚያጠፋበት መስመር ይፈልጋል።

አንድ ውሸት ሁለተኛውን ይጠራል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እሺ፣ ሁሉንም አረጋገጣችሁ እንበል። ክብደቱ ልክ ነው፣ ሙቀቱ መደበኛ ነው፣ ጆይስቲኩም ጤነኛ ነው። አሁንም ጄቱ ክሩዝ ላይ ከማኑዋሉ 20 ኖት ያንሳል። ፋይሉ በእርግጥ ስህተት አለበት ማለት ነው። ጉልበት ብትጨምሩለትስ?

አይሆንም። አውሮፕላን ቀጥ ብሎ፣ ከፍታው ሳይቀያየር፣ በአንድ ፍጥነት ሲሄድ ሞተሩ የሚገፋበት ኃይልና አየሩ ወደ ኋላ የሚጎትትበት ኃይል እኩል ናቸው። ትረስት እና ድራግ እንበላቸው። ፍጥነቱ አነሰ ማለት ወይ ትረስቱ አንሷል ወይ ድራጉ በዝቷል ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ፍጥነቱ ብቻውን አይነግራችሁም። ሁለት የማይታወቁ፣ አንድ እኩልታ። ስምንተኛ ክፍል የተማርነው ነው።

ጥፋቱ የድራጉ ነበር እንበል፤ ፋይሉ ውስጥ ድራጉ 15 በመቶ በዝቶ ተጽፏል። እናንተ ግን ትረስቱን 15 በመቶ ጨመራችሁ። ፍጥነቱ ልክ መጣ። ደስ አላችሁ። ቀጥሎ ነዳጁን አያችሁ። ሞተሩ 15 በመቶ የበለጠ እየገፋ ስለሆነ ነዳጁንም በዚያው ልክ እየበላ ነው። ናይሮቢ ስትደርሱ ማኑዋሉ ይተርፋል ያለው አልተረፈም። ስለዚህ የነዳጁን ማባዣ ወደ ታች ሳባችሁት። ነዳጁም ልክ መጣ። አሁን ቁልቁል ስትወርዱ ችግር አለ፤ ጉልበቱን ወደ አይድል መልሳችሁ ስትንሸራተቱ የበዛው ድራግ አለና ጄቱ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ስለዚህ አይድል ላይ ያለውን ኃይል ከፍ አደረጋችሁ። በዚህም መሬት ላይ ፍሬን ስትለቁት ብቻውን የሚሮጥ ጄት ወለዳችሁ። ስለዚህ የጎማውን ሰበቃ…

ገባችሁ አይደል? አንዷን ውሸት ለመሸፈን አራት ውሸት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ ግን እያደር የሚጠራው ቁጥሮቹ ውስጥ የደበቃችሁት ጉድ ነው። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ መስመር ሐሰት የሆነበት፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ 41,000 ጫማ ክሩዝ ላይ ብቻ፣ በአጋጣሚ ትክክል የሚመስል አውሮፕላን ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

ለይቶ ማወቂያ መንገዱ ግን ቀላል ነው። ሞተሩን ከጨዋታው አስወጡት። ከፍ ብላችሁ ጉልበቱን አይድል ላይ አድርጉ፣ አንድ ፍጥነት ያዙ፣ በደቂቃ ስንት ጫማ እንደምትወርዱ መዝግቡ። አይድል ላይ ሞተሩ የሚገፋው ትንሽ ስለሆነ እዚያ የምታዩት በአብዛኛው ድራጉን ነው። መውረዱ ከማኑዋሉ ከፈጠነ ድራጉ በዝቷል፤ ልክ ከሆነ ችግሩ ሞተሩ ጋ ነው። በድሮው ኤፍ ኤስ ኤክስ ውስጥ ድራጉን የሚያባዛው ቁጥር በኤርክራፍት ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ «ፍላይት ቱኒንግ» በሚለው ክፍል ለብቻው ተቀምጧል፤ የትረስቱ ማባዣ ደግሞ «ጄት ኢንጂን» ከሚለው ሥር ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር ጭራሽ ሁለት ፋይል ሆነዋል፤ የሞተሩ ለብቻ፣ የበረራ ባህሪው ለብቻ። ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች ለያይተው ያስቀመጡት እንዲሁ አይደለም። እናንተም ለዩት።

«ፋብሪካው የሠራውን አትንኩ» ለሚሉትም

ከወዲያኛው ወገን ደግሞ ሌላ ሰነፍ ሐሳብ አለ። «ትልቅ ኩባንያ የሠራውን አንተ ማን ነህና ትነካለህ?» የሚሉ። ከእነሱም ጋር አልስማማም።

ከሲሙሌተሩ ጋር አብረው የሚመጡ ጄቶች የተሠሩት ለሁሉም ሰው ነው፤ ቅዳሜ ማታ ከእራት በኋላ ሃያ ደቂቃ ለሚበር ሰውም ጭምር። ብዙ ጊዜ ጥሩ ግምት ናቸው፣ ግን ግምት ናቸው። ሞቃት ቀን ላይ የሞተሩ ኃይል እንዴት እንደሚወድቅ በቅጡ ያልተጻፈላቸው አሉ። እውነተኛ ሞተር እስከ አንድ የሙቀት ደረጃ ድረስ ኃይሉን ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ውስጡ እንዳይቃጠል ሲባል ኃይሉ ይቀነሳል። ይኼ ያልገባበት ፋይል ቦሌ ላይ እኩለ ቀን ከእውነቱ በላይ ጉልበተኛ ነው። አያችሁ፣ እኛ ጋ ያለው ስህተት ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው! መቀነስ ሲገባን ነው የምንጨምረው።

የተነካ ነገር ሁሉ እንደማይበላሽ ማሳያም አለ። ዎርኪንግ ታይትል የሚባሉት ሰዎች የ2020ውን ሲሙሌተር ሲጄ 4 ጄት ወስደው በነጻ፣ በፈቃደኝነት አሻሻሉት። ለእያንዳንዱ ለውጥ ምክንያት እየጻፉ፣ ከእውነተኛው አውሮፕላን አሠራር ጋር እያስተያዩ ነበር የሚሠሩት። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከማይክሮሶፍት ጋር በይፋ መሥራት ጀመሩ። ከውጪ የመጡ ነካኪዎች ነበሩ፤ ውስጥ ያስገባቸው መለካታቸው ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ «ነካህ ወይ?» ሳይሆን «ለካህ ወይ?» የሚል ነው።

«ማኑዋል ከየት እናምጣ?» እንዳትሉኝ። የአሜሪካው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት የሚያወጣው የምስክር ወረቀት መረጃ ሰነድ በነጻ ይገኛል። የሞተሩ ትልቁ ግፊት፣ የክብደት ገደቦቹ፣ የፍጥነት ገደቦቹ እዚያ አሉ። የሲጄ 4ቱ ሞተር እያንዳንዱ 3,621 ፓውንድ ይገፋል፤ የሎንጊቲዩዱ 7,665 ገደማ። ፋይላችሁ ውስጥ ያለው ቁጥር ከዚህ ከበለጠ ሌላ ክርክር አያስፈልግም። ሞተሩ የሌለውን ጉልበት ሰጥታችሁታል።

«ጌም ነው እኮ!»

ይኼን መልስ በጉጉት ስጠብቀው ነበር። ጌም ነው፣ ተወን፣ ምን አገባህ?

ልክ ነው፤ ቤትህ ተቀምጠህ ለራስህ ሮኬት ብታደርገው እኔ ምንም አያገባኝም። ቢፈልግህ 4.0 ጻፍበትና ጨረቃ ድረስ ሂድ። የሚያገባኝ «ሪያል» የሚል ስም ለጥፈህ ለሌላ ሰው ስትሰጠው ነው። ምክንያቱም እዚህ አገር ያንን ፋይል የሚቀበልህ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። የእውነት አውሮፕላን አንድ ሰዓት ለመብረር የሚከፈለውን ገንዘብ ቤተሰቡ በዓመት የማያየው ልጅ ነው። አብራሪ መሆን ይፈልጋል። ያለው ትምህርት ቤት ከሰው የተገዛ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። መምህሩም፣ አውሮፕላኑም፣ መጽሐፉም ያ ስክሪን ነው። ለሌላው ጌም የሆነው ለሱ ትምህርት ነው።

ሰፈራችን እንዲህ ዓይነት ልጅ አለ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ጭነት ጭኖ፣ ቦሌ ላይ ልክ ሲነሳ አንዱን ሞተር አጥፍቶ፣ በቀሪው ሞተር እንጦጦን ከላይ እንዳለፈው በኩራት ነገረኝ። ፋይሉን አየሁት። 1.35። «ይኼ ጉልበት እውነተኛው ጄት ላይ የለም» ስለው ዝም አለ፣ ከዚያ «ታዲያ ለምን ሪያል ብለው ጻፉበት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። መልሱ ያለው ፋይሉን የጻፈው ሰው ጋ ነው።

የልጁ ጉዳይ ለምን ከባድ እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። ለምሳሌ ያህል ሁለት ሞተር ያለው ጄት በድምሩ 6,000 ፓውንድ ይገፋል፣ ድራጉ ደግሞ 2,000 ነው እንበል። ለመውጣት የሚተርፈው 4,000 ነው። አንድ ሞተር ሲጠፋ ግፊቱ 3,000 ይሆናል፤ ድራጉ ያው 2,000 ነው (እንዲያውም ይጨምራል)። የሚተርፈው 1,000 ብቻ። ግማሹ ሞተር ሲጠፋ የመውጣት አቅማችሁ ሦስት አራተኛው ነው የሚጠፋው። የበረራ ትምህርት ከሚያስተምራቸው ነገሮች ሁሉ ይኼ አንዱ ትልቁ ነው። አሁን ያንን 1.35 አስገቡበት። በአንድ ሞተር 4,050 ትገፋላችሁ፣ የሚተርፋችሁ 2,050 ሆነ። ከእውነቱ ከእጥፍ በላይ! ክሩዝ ላይ ትንሽ ማስዋቢያ የምትመስለው ቁጥር ሰው ሊሞት በሚችልበት ቅጽበት ላይ ትልቋ ውሸት ሆና ትገኛለች።

በትራንስፖርት ምድብ ፈቃድ የሚያገኙ ሁለት ሞተር ያላቸው ጄቶች፣ ሎንጊቲዩድን ጨምሮ፣ ከተነሱ በኋላ ጎማቸውን ሰብስበው በአንድ ሞተር ቢያንስ 2.4 በመቶ ሽቅብ መውጣት መቻላቸውን ማሳየት አለባቸው። በአንድ ኪሎ ሜትር 24 ሜትር ማለት ነው። ከቦሌ 700 ሜትር ከፍ ለማለት በዚህ አካሄድ ወደ 29 ኪሎ ሜትር መብረር ያስፈልጋል። እንጦጦ ግን ከዚያ ግማሽ ገደማ ርቀት ላይ ቆሟል። አብራሪ ሙቀቱን አይቶ ነዳጅ የሚቀንሰው፣ ሰው የሚያስቀረው፣ አንዳንዴም ሲነጋጋ አየሩ ቀዝቀዝ እስኪል የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ያንን ውሳኔ የሚያስተምረው የጄቱ ድክመት ነው። ድክመቱን ስትሰርዙት ትምህርቱን ሰረዛችሁት።

ሲሙሌተር ሲዋሽ ምን እንደሚያስከትል ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ልንዘነጋው የማይገባ ታሪክ አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው በረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የደፈቀው ኤምካስ የተባለው ሥርዓት ነበር። የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱ እንደሚለው አብራሪዎቹ ትሪሙን በእጅ ለማስተካከል ሞክረው አልሠራላቸውም። ከሁለት ወር በኋላ፣ ግንቦት ላይ፣ ቦይንግ በ737 ማክስ ሲሙሌተር ሶፍትዌር ላይ እርማት እንዳደረገ አስታወቀ። ሶፍትዌሩ አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል ማሳየት አይችልም ነበር፤ ከነዚህም አንዱ ያንኑ በእጅ የሚዞር የትሪም ጎማ ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል።

አደጋውን ያመጣው ሲሙሌተሩ ነው እያልኩ አይደለም። የቤት ሲሙሌተርንም ከዚያ ጋር እኩል አላደርግም። የምለው ይኼን ነው፦ ሚሊዮኖች የሚያወጣ፣ በባለሥልጣን የሚመረመር፣ ከእውነተኛ የሙከራ በረራ መረጃ ጋር እየተመሳከረ የሚጸድቅ ማሽን እንኳን ስለ አንድ ጎማ ክብደት ሊዋሽ ይችላል፤ ስለዚህም ነው መርማሪ፣ ሠንጠረዥና ገደብ የተቀመጠለት። የእኛ ፋይል ምን አለው? አንድ ሰው «እኔ ሞክሬዋለሁ፣ አሪፍ ነው» አለ። ይኸው ነው ምስክሩ።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ

ፋይል የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ጄቱን ብታስተካክሉት ደስ ይለኛል። ግን በሥርዓት ይሁን።

መጀመሪያ የአየሩን ሁኔታ መደበኛ አድርጉት፤ ነፋስ አጥፉ፣ ክብደቱን መዝግቡ። ፋይሉን ሳትነኩ አራት ነገር ለኩ፦ ለመነሳት የፈጀውን ርቀት፣ እስከ ክሩዝ ከፍታ የፈጀውን ጊዜ፣ ክሩዝ ላይ ያለውን ፍጥነትና የሰዓት ነዳጅ፣ አይድል ላይ የሚወርድበትን ልክ። ክሩዝ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ፍጥነቱ እስኪረጋ አምስት ስድስት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ከማኑዋሉ ጋር አስተያዩ። አንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ቀይሩ። መጀመሪያ ድራጉን፣ ቀጥሎ ትረስቱን፣ ነዳጁን መጨረሻ ላይ፤ ምክንያቱም ነዳጁ የሁለቱ ልጅ ነው፣ ወላጆቹ ሳይስተካከሉ እሱን ብትቀጡት ዋጋ የለውም። አራቱንም እንደገና ለኩ። መጨረሻ ላይ ቦሌ ላይ እኩለ ቀን ሞክሩት። ጄቱ እንደ ባሕር ወለል ከተነሳ የሆነ ነገር አጥፍታችኋል።

ስትሰጡም ከፋይሉ ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ አያይዙ። ምን ነበር፣ ምን አደረጋችሁት፣ በምን ክብደት፣ በምን ሙቀት፣ ከየትኛው ሰነድ ጋር አስተያያችሁት። ያልለካችሁትንም «ይኼን አልለካሁም» ብላችሁ ጻፉ። ይኼን ማድረግ የማትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ምንም ችግር የለም፤ ስሙን ብቻ ቀይሩ። «ለመዝናኛ» በሉት፣ «ቱርቦ» በሉት፣ የፈለጋችሁትን በሉት። «ሪያል» የሚለውን ቃል ግን ለለኩት ሰዎች ተዉላቸው።

ፋይል የምትቀበሉም እንዲሁ በዝምታ አትቀበሉ። «ሠንጠረዡ የት አለ?» በሉ። ከሌለ መልሱለት። ሁለት ሦስት ሰው እንዲህ ብሎ ሲመልስለት ያዘጋጀው ሰው ወይ መለካት ይጀምራል ወይ ማዘጋጀት ያቆማል። ሁለቱም ለኛ ትርፍ ነው።

አየሩ ቀጭን ነው፣ ማኮብኮቢያው ረጅም ነው፣ ተራራው ቅርብ ነው። ጄት ማብረር ማለት ከነዚህ ሦስቱ ጋር ተስማምቶ መኖር ነው። ሦስቱንም በአንድ መስመር ኮንፊግ የሰረዘ ሰው ጄቱን አላስተካከለውም፤ ከበረራው ያመለጠው ራሱ ነው።